የሰባቱ መንደር ስንዝር

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አንድ ቀን ዘነበ። ሐምሌ ላይ ግማሽ ቀን። ነሐሴ ላይ አልዘነበም። ጥቅምት ላይ ላሞቹ ቆመው ያድሩ ጀመር፤ የተኛች አትነሳምና። ኅዳር ላይ ሰው ዘሩን በላ። ታኅሣሥ ላይ ዘሩ አለቀ። ጥር ላይ እናቴ ሞተች።

የአገሩን ስም አልጠራም። ያወቀው ያውቀዋል፤ ያላወቀው ስሙን ቢሰማ አይጠቅመውም።

ወንዛችን አንድ ነው፤ ሰባት መንደር ይጠጣዋል። እኔ የላይኛው መንደር ሰው ነኝ፣ አናጢ ነኝ። ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። ከእኛ የተረፈውን ሁለተኛው ይወስዳል፣ ከሁለተኛው የተረፈውን ሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ታችኛው መንደር ሲደርስ ወንዙ ስሙ ብቻ ይቀራል። በየመንደሩ ወደ ማሳ የሚወስድ ቦይ አለ፤ በቦዩ አፍ ላይ የእንጨት በር አለ። በሩ የሚከፈተው ሦስት ስንዝር ነው። በዚህ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ተስማምተናል። ያልተስማማነው በማን ስንዝር በሚለው ነበር።

እያንዳንዱ መንደር የሚለካው በራሱ የውሃ አባት እጅ ነው። ስለዚህ የውሃ አባት የሚሾመው በጥበቡ ሳይሆን በመዳፉ ነበር። ሦስተኛው መንደር የሕፃናቱን ጣት ጠዋት ጠዋት በቅቤ እያሸ ይስብ ነበር። አምስተኛው መንደር አንድ ግዙፍ ሰው ነበረው፤ የራሱን በሬ ከጎረቤቱ በሬ መለየት አይችልም፤ ሃያ ዓመት በውሃ አባትነት ኖረ። የእኛው የውሃ አባት ጣቶቹን ወደ ኋላ ማጠፍ ይችል ነበር። እንደ ሊቅ ነበር የምናከብረው።

በደጉ ዘመን ይህ መሳቂያ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በየበሩ ሰው ዱላ ይዞ ቆመ። ዐሥራ አንድ ሰው ሞተ። በጥም አይደለም፣ በስንዝር።

እናቴ የሞተች ዕለት የመንደሩ ወንድ ሁሉ በሩን ይጠብቅ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ቀብር የሚቀርበት አገር አልነበረንም። ሴቶቹ አጥበው ገነዙልኝ። እኔ ዶማና አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ፀሐይ አንድ ክንድ ስትወጣ የቆፈርኩት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

በመንገዱ አንድ ሰው መጣ። ዱላ ይዟል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቆም ብሎ አየኝ።

«ማን ናት?» አለ።

«እናቴ።»

«እኔ የታችኛው መንደር ሰው ነኝ። ውሃ እንድለምን ተልኬ ነው።»

«ከንፈርህን አየሁት።»

ዱላውን አስቀመጠ። አካፋውን አነሳ። ቀኑን ሙሉ ተቀባበልን፤ እኔ ስቆፍር እሱ ያወጣል፣ እሱ ሲቆፍር እኔ አወጣለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ አፈሩን መለስን። ሰውየው ዶማዬን በእጁ ጠርጎ ሰጠኝ።

«ወንፈል ነው» አለኝ። «አንድ ቀን አለብህ።»

«አለብኝ» አልኩ።

«ክረምቱ ሲገባ እጠራሃለሁ። ጥጋቡ ነው ስሜ።»

በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ስም ይዞ መንገድ መውጣት ድፍረት ይጠይቃል። አልሳቅሁበትም። የኔንም ስም ሲሰማ አልሳቀብኝም። ዘገየ እባላለሁ።

ወንፈልን ለማያውቅ፦ ወንፈል ቀን በቀን ነው። ዛሬ ለእኔ ከሠራህ ነገ ላንተ እሠራለሁ። በገንዘብ አይመለስም፣ በእህል አይመለስም። ልጅም ወንድምም አይመልሰውም፤ የበላው ሰው ራሱ በክንዱ ይመልሰዋል። ወንፈል ሳይመልስ የሞተ ሰው መቃብሩ ላይ የዶማ እጀታ ይተከልበታል። የሚያልፍ ሁሉ አይቶ፣ የሰው ቀን የበላ እዚህ ተኝቷል ይላል። አበዳሪው ቀድሞ ከሞተማ ይብሳል፤ ቀኗ ተቀባይ አጥታ እጅህ ላይ ትሞታለች።

ግንቦት ላይ የሰባቱ መንደር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ስፍራው የአራተኛው መንደር የእህል መጋዘን ነበር፤ ባዶ ስለሆነ ሰፊ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በመቀመጫ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። በርጩማ የያዘ ከፍ ይላል፣ መሬት የተቀመጠ ዝቅ ይላል። በሁለተኛው ቀን ሰባቱም በአንድ ላይ የሚቀመጡበት አግዳሚ ይሠራ ተባለና እኔ ተጠራሁ።

«ርዝመቱ ስንት ይሁን?» አልኩ።

«ለአንድ ሰው ሁለት ስንዝር። ዐሥራ አራት» አሉኝ።

ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ እግሩን መታሁ። ተቀመጡ። ማንም አልጮኸም። የአራተኛው መንደር ሽማግሌ አያ ድንበሩ በግራም በቀኝም ጎረቤታቸውን በክርናቸው ሞከሩ።

«አንተ አናጢ» አሉ፣ «በማን ስንዝር ለካኸው?»

«በራሴ።»

«እስቲ እጅህን።»

ዘረጋሁ። ሰባቱም ተነስተው አዩት። ትልቅ አይደለም፣ ትንሽም አይደለም።

«ይህ እጅ ማንንም ደስ አያሰኝም» አሉ አያ ድንበሩ።

«ማንንም!» አሉ ስድስቱ በአንድ ድምፅ።

ሰባቱ መንደር በአንድ ቃል ሲስማማ ያን ጊዜ አየሁ። የእኔ ስንዝር የሁሉም ስንዝር እንዲሆን ያን ዕለት ተቆረጠ፤ ሰባቱም እሺ አሉ። ስብሰባው ጉባኤ ተባለ፣ አያ ድንበሩም ሊቀ መንበር ተባሉ።

እሺ ካሉ በኋላ ችግር መጣ። በእኛ መንደር እሺ ማለት ተስማምቻለሁ ማለት ነው። በታችኛው መንደር ሰምቻለሁ ማለት ነው። በሦስተኛው ደግሞ አሁን ሂድልኝ ማለት ነው። ሁላችንም የምንናገረው አንድ ቋንቋ ነው፤ ቢሆንም ጉባኤው ስድስት አስተርጓሚ ቀጠረ። ሥራቸው ያቺ አንዲት ቃል ናት። እስከ ዛሬ ሥራ አልፈቱም።

የጉባኤው አንደኛ ደንብ ስለ እጄ ነበር። ይህ እጅ የሰባቱ መንደር ነው፤ መጥረቢያ አይዝም፣ መጋዝ አይዝም፣ ዶማ አይዝም፣ እሳት አይቀርብም፣ ሰው አይመታም፣ ሰላምታ በግራ ይሰጣል። የበግ ቆዳ ጓንት ተሰፋልኝ። ጓንቱን የሚያለብስና የሚያወልቅ የጓንት ሹም ተመደበ። ሰባቱም መንደር ቀለብ ሊሰፍርልኝ ተስማማ።

ባለቤቴ ይመኙሻል ጓንቱን አገላብጣ አየችው።

«ግራውስ?» አለች።

«ግራው የራሴ ነው።»

«ተመስገን። እንጨት የሚፈልጥልኝ አላጣሁም።»

በሮቹ ሁሉ በእጄ ተለክተው እንደገና ተሠሩ። ሰኔ ላይ ዘነበ። እውነቱን ልናገር፣ ለመናገር ነውና የጻፍኩት፦ ከዚያ ቀን ወዲህ በውሃ በር ላይ አንድ ሰው አልሞተም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ጥጋቡ መጣ። የጓንት ሹሙ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ቀኔን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለው ጥጋቡ።

«የምን ቀን?»

«የወንፈል። ከቦዩ በላይ ቁራጭ መሬት አለችኝ። በመካከል ጉብታ አለ። ጉብታው ከተቆረጠ ውሃ ይወጣላታል። የሁለት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

«ክቡር እጅ ዶማ አይዝም።»

«ማነው ክቡር እጅ?»

ሹሙ በጣቱ አመለከተኝ። ጥጋቡ ጓንቴን አየ፣ ከዚያ ፊቴን አየ።

«ዘገየ፣ እውነት ነው?»

«ደንብ ነው» አልኩት። «አመለክታለሁ።»

አመለከትኩ። ጉባኤው ጉዳዩን በቀና መንፈስ ተመለከተው። የአንዲት ቀን ንዑስ ጉባኤ የሚባል ተቋቋመ። ንዑስ ጉባኤው አራት ዓመት ቀን ምንድን ነው የሚለውን አጠና። ቀጥሎ ሦስት ዓመት አንድ ምንድን ነው የሚለውን። በስምንተኛው ዓመት ለጥጋቡ መልስ ላኩለት፤ ጉባኤው በአንድ ሰው ምትክ አርባ ቆፋሪ ሊልክ ፈቅዷል የሚል።

ጥጋቡ መልእክተኛውን ውሃ አጠጣው። «የአርባ ሰው እናት አልቀበርኩም» ብሎ መለሰው።

ጉብታውን ራሱ መቁረጥ ይችል ነበር። ጎረቤቶቹም ደቦ እንውጣልህ ብለውት ነበር። እምቢ አለ። ያቺ ጉብታ የምትቆረጥበት ቀን እኔ ጋ ናትና ሌላ ቀን አይነካትም አለ። መንደሩ ሳቀበት። የዘገየ ጉብታ ብለው ስም አወጡላት። በታችኛው መንደር የሚዘገይ ነገር ሁሉ፣ ልጅ የዘገየባት ሴት፣ መልስ የዘገየበት ሽምግልና፣ የዘገየ ጉብታ ሆነ ይባላል።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ በሮቹ በእጄ የሚፈተሹበት ሳምንት አለ። በዚያ ሳምንት ጥጋቡ ሽቅብ ይመጣል። ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ቀኗስ?» ይለኛል።

«አለች።»

«ትኑር።»

ሌላ አንነጋገርም። ተመልሶ ይወርዳል።

ጉባኤው እያደገ ሄደ። ማንም አሳደግነው አላለም፤ ሰው ራሱ ጭቅጭቁን እየተሸከመ ያመጣለታል። በመጀመሪያ ውሃ ብቻ ነበር። ከዚያ ሸማኔዎች መጡ፤ ጋቢ በማን ስንዝር ይለካ አሉ። በእጄ ተለካ። ከዚያ መቃብር። ከዚያ በሁለት ጎረቤት ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት። ከዚያ አማት ከምራት ምን ያህል ርቃ ትቀመጥ የሚለው፤ ይህ ስድስት ስንዝር ሆኖ ጸድቋል፤ ብዙ ቤት አትርፏል ይባላል። ለቅሶም ወጥ ልክ ይበጅለት ተባለ፤ ለቅሶ በስንዝር አይለካም የሚሉት ሦስት ዓመት ተከራክረው አሸነፉና በትንፋሽ እንዲለካ ሆነ።

መጋዘኑ ፎቅ ተሠራለት። ሰባት የነበሩት ሁለት መቶ ሆኑ። የስንዝር ጠባቂ መጣ፣ የጠባቂ ተቆጣጣሪ መጣ፣ ተቆጣጣሪው ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅ መጣ። አንድ ዓመት ላይ፣ የሁላችን ኑሮ በዝናብ ነውና ዝናብ በጉባኤው ሊወከል ይገባል ተባለ። መንደር ስለሌለው ድምፅ አልተሰጠውም፤ ታዛቢ ሆነ። የሚገባበት ቀዳዳ በጣሪያው ላይ ተከፈተለት። ክረምት ክረምት ይገኛል። በጋ ሲቀር መቅረቱ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል።

አግዳሚው ግን አልተለወጠም። ሰባቱ ዋና ሽማግሌዎች እስከ መጨረሻው በእሱ ላይ ተቀመጡ። በችጋሩ ዓመት ለአንድ ሰው ሁለት ስንዝር በቂ ነበር፤ በኋላ ጥጋብ ሲመጣ ጠበበ። የስድስተኛው መንደር ሽማግሌ ሃያ ዓመት በጎናቸው ተቀመጡ። ይስፋ ያለ ግን የለም፤ ማን የበለጠ ሰፋ የሚለው ይነሳላ።

በዐሥራ ስምንተኛው ዓመት ድርቅ ተመለሰ። ሰው ዱላውን ከጣራው ማገር አወረደ። ጉባኤው ሁለት ቀን ተሰብስቦ ሰባቱም በር ወደ አንድ ስንዝር ይውረድ አለ። ሰባቱም ወረደ። ሁሉም እኩል ተራበ፣ ሁሉም እኩል ተጠማ። በዚያ ዓመት በታችኛው መንደር ወንዙ ቀጥኖ፣ ግን ሳይቋረጥ ከረመ። ዱላዎቹ ወደ ማገራቸው ተመለሱ።

የዚያን ዓመት ግንቦት ጥጋቡ መጥቶ ከወትሮው በላይ ተናገረ።

«ልጄ ውሃ ጠጥታ ከረመች» አለኝ። «እጅህ ናት ያጠጣቻት። ይህን አልክድም።»

«ታዲያ ቀኗ ተመለሰች ማለት ነው?» አልኩት፣ ተስፋ አድርጌ።

«እሱ የጉባኤው ነው። አንተ እዚያ አልቆፈርክም፣ ዘረጋህ እንጂ።» ከዚያ ሳቀ። «ቀኗስ?»

«አለች።»

«ትኑር።»

በሃያ ሰባተኛው ዓመት እጄን ሲለኩ ክሩ ረዘመ። ክሩ በመጀመሪያው ዓመት በእጄ ተለክቶ የታሸገ ነው። ከእጄ በአንዲት የገብስ ፍሬ ረዝሞ ተገኘ። ሸምግያለሁ፤ ሰው ሲሸመግል ይሸበሸባል። ጉባኤው ግን አራት ወር መከረ። ውሳኔው፦ እጁ አላጠረም፣ ክሩ ረዝሟል። ክሩ በጥፋቱ ታሰረ፤ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለእኔም በየቀኑ አንድ ኩባያ ወተት ታዘዘ።

«እግዜር ይስጠው ክሩን» አለች ይመኙሻል። ወተቱን ታረጋው ነበር።

በሠላሳኛው ዓመት ጣቶቼ መታጠፍ ጀመሩ። ትንሿ ጣት ቀድማ ታጠፈች፤ ቀጥሎ ጎረቤቷ። ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ ይሉኛል። ጓንቱ ደበቀልኝ። በሮቹ ሲፈተሹ ግን በየዓመቱ ጠበቡ፤ ሰባቱም እኩል ስለጠበቡ ሰው ዝናቡ ነው አለ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት ግንቦት መጣ፣ ጥጋቡ አልመጣም። ከሕዝቡ መካከል ፈለግሁት። እግሩ አብጦ ተኝቷል አሉኝ። እሱ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል።

እቤት ገብቼ ዶማዬን ከጣራው አወረድኩ። ብረቱ ዝጎ እጀታውን ምስጥ በልቶት ነበር። በግራ እጄ አዲስ እጀታ ጠረብኩለት። ይመኙሻል ስጠርብ አየችኝና፣

«ይህ እጀታ የሚተከለው መቃብርህ ላይ ነው ወይስ ዶማው ላይ?» አለችኝ።



የሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ጥጋቡ በአህያ ተጭኖ መጣ። ወደ በሮቹ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጉባኤው ገባ፤ ጓንቱ ሊወልቅ ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። እውነት ነበር። የጓንት ሹሙ አርጅቶ አዲስ ተሹሞ ነበር፤ አዲሱ ሐቀኛ ሆነና ያየውን ተናገረ። በጉባኤው ፊት ጓንቴ ወለቀ። ሁለት መቶ ሰው ጣቶቼን አየ። ሦስቱ ወደ መዳፌ ታጥፈዋል።

ጩኸት ሆነ። አንዱ፣ ማታ ማታ ከሳንቃ ጋር ይታሰር አለ። አንዱ፣ ወጌሻ ከሰባቱም መንደር ይምጣና እያንዳንዱ አንድ አንድ ጣት ይያዝ አለ፤ ጣቱ አምስት መንደሩ ሰባት ስለሆነ ይህ ወደቀ። የሦስተኛው መንደር ሽማግሌ በቅቤ እያሹ መሳብን አነሱ። የአምስተኛው መንደር ሰው በቀስታ፣ እኛ ዘንድ ግን አንድ ትልቅ እጅ ያለው ልጅ አለ አለ። ያኔ ቤቱ ጸጥ አለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልተሰማ ጸጥታ ነበር። ሁሉም ወደ ገዛ እጁ ተመለከተ። በሩ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ዱላቸውን ከግድግዳው አነሱ።

ጥጋቡ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳ።

«ጥያቄ አለኝ» አለ።

«ታዛቢ አይናገርም» አሉት አያ ድንበሩ። ዘጠና ሊሞላቸው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ዝናብም ታዛቢ ነው። ሲፈልግ ይናገራል።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ወደ ጣሪያው ቀዳዳ አዩ። «ተናገር» አሉ።

«እናንተ ሰባታችሁ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የተቀመጣችሁት ምን ላይ ነው?»

ከዚያ የስድስተኛው መንደር ሽማግሌ፣ በጎን የሚቀመጡት፣ ቀስ ብለው ተነሱ። ዞረው መቀመጫቸውን አዩ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። አያ ድንበሩ መጨረሻ ተነሱ።

የታሰረው ክር ከሣጥኑ ተፈታ። አግዳሚው ተለካ። ዐሥራ አራት ስንዝር፤ አንዲት የገብስ ፍሬ አልጎደለ፣ አልተረፈ። ክሩም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ በነፃ ተለቀቀ።

በዚያው ዕለት ተወሰነ፦ ከእንግዲህ የሰባቱ መንደር ስንዝር አግዳሚው ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ሊቀ መንበሩ መንበር አጡ። ሌላ መቀመጫ እንዳይሠራ ከፍታና ዝቅታ ይነሳል፤ ስለዚህ ጉባኤው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሞ ይመክራል። አራት ወር ይፈጅ የነበረው አሁን ከምሳ በፊት ያልቃል። አያ ድንበሩ፣ ይህን በመጀመሪያው ቀን ብናውቅ ኖሮ ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ለእኔ ደብዳቤ ተሰጠኝ። «እጅዎ ከአገልግሎት በክብር ተሰናብቷል። የቀሪው አካልዎ ጉዳይ ጉባኤውን አይመለከትም» ይላል። ጓንቱን ለአዲሱ ሹም መለስኩ። እሱ አሁን የአግዳሚ ልብስ ሹም ነው።

ጥጋቡ በር ላይ በአህያው ጠበቀኝ።

«ቀኗስ?» አለ።

«ነገ ናት» አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ከይመኙሻል ጋር ታችኛው መንደር ደረስን። ጉብታዋን አየኋት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ስትወራ ትልቅ መስላኝ ነበር፤ ትንሽ ናት። ሣር በቅሎባታል። ሰው ተሰብስቦ ቆሟል፤ ጉባኤው ሁለት ታዛቢ ልኳል።

ዶማውን ያዝኩ። የታጠፉት ጣቶቼ አልዘረጋ ቢሉም እጀታው ላይ ልክ ገጠሙ። ለስንዝር የማይሆን እጅ ለዶማ እጀታ ይሆናል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከስድስተኛው ምት በኋላ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ጥጋቡ አየና ሳቀ።

«የሙሽራ እጅ ይዘህ መጣህ» አለ። «ሴት ነኝ ብትል አምንሃለሁ።»

«ብትስቅብኝም እቀጥላለሁ።»

«ቀጥል እንግዲህ። ጥጋቡ ተርቦ ጠበቀ ይባል።»

እሱ መቆም ስላልቻለ መሬት ተቀምጦ አፈሩን በእጁ ያወጣ ነበር። አንድ ጎልማሳ ዶማ ይዞ ሊገባ ሲል ጥጋቡ በምርኩዙ አስቆመው፤ «ውጣ፣ ልጄ። ይህች ቀን ሙሉ ናት፣ ቦታ የላትም» አለው። ይመኙሻል ቆሎና ጠላ አቀረበች፤ ለጉባኤው ታዛቢዎችም ሰጠች። ተቀበሉ፤ መቀበላቸውንም ጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ጉብታው ተቆረጠ። ከቦዩ ውሃ ገባ፤ መጀመሪያ አፈር እየገፋ፣ ቅጠል እየገፋ፣ ከዚያ ጠርቶ። ጥጋቡ መሬት ላይ እንደተቀመጠ እግሩን ዘርግቶ ውሃው በእግሩ ላይ እንዲያልፍ ተወው። ሰዎቹ እልል አሉ።

«በቃ፣ ሥራው አለቀ» አለኝ።

«ፀሐይ አለች» አልኩት። «አንተ ያን ቀን እስክትጠልቅ ቆይተሃል።»

እስክትጠልቅ የቦዩን ግራና ቀኝ ደለደልኩ። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ሄደ። ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ ስትገባ ዶማውን አስቀመጥኩ። ጥጋቡ ስቦ ወሰደው፤ ብረቱን በእጁ ጠርጎ ሰጠኝ።

«ቀንህን መልሻለሁ» አልኩ።

«እሺ» አለ።

አስተርጓሚ አልጠራሁም።